ማስታወቂያው ደረሰ፤ መልሱስ? ማኅበራዊ ሚዲያና የሥራ ቅጥር በድሬዳዋ

በድሬዳዋ ሥራ መፈለግ ለረጅም ጊዜ የእግር ጉዳይ ነበር። ሥራ ፈላጊው ፀሐይ ሳትበረታ ከሳቢያን ወይም ከገንደ ቆሬ ተነስቶ ወደ ከዚራ ይመጣል፤ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንድ በአንድ ያነባል፤ ጋዜጣ የያዘ ሰው ሲያገኝ የሥራ ማስታወቂያ ያለበትን ገጽ ብቻ ይዋሳል፤ ሙቀቱ ሲከር ወደ ጥላው ይመለሳል። ዛሬ ያው ሰው ከመኝታው ሳይነሳ፣ በአንድ ማለዳ ብቻ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከጅግጅጋና ከራሱ ሰፈር የወጡ በርካታ ማስታወቂያዎችን በስልኩ ያያል። ለውጡ ትልቅ ነው፤ የሚያጣጥለው ሰው በዚያ ፀሐይ ያልተመላለሰ መሆን አለበት። ሆኖም የማስታወቂያው መንገድ ይህን ያህል ካጠረ በኋላ በሥራ ፈላጊውና በሥራው መካከል ያለው ርቀት በዚያው መጠን ያላጠረበት ምክንያት በቂ ማብራሪያ አላገኘም፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እርሱ ነው።

ለመጻፍ የገፋፋኝ በቅርቡ በከተማችን የተካፈልኩበት፣ በማኅበራዊ ሚዲያና በሰው ኃይል ቅጥር ላይ የመከረ የአንድ ቀን የባለሙያዎች ጉባኤ ነው። ከፋብሪካዎች፣ ከባንኮች፣ ከሆቴሎችና ከዕቃ አስተላላፊ ድርጅቶች የመጡ የሰው ሀብት ሠራተኞች፣ በቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ቻናል የሚያስተዳድሩ ወጣቶች፣ እንዲሁም ሲቪያቸውን በፕላስቲክ ማኅደር ይዘው የመጡ ምሩቃን በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ነበር። በድሬ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱና በርጫው ሰውን ወደየቤቱ በሚጠሩበት ሰዓት፣ አዳራሹ ሰው ሳይጎድልበት መቆየቱ በራሱ ብዙ ይናገራል። አዘጋጆቹ የከሰዓቱን መርሐ ግብር በዚያ ሰዓት ሲይዙ የአዲስ አበባን አየር እያሰቡ እንደነበር ግን አያጠራጥርም። ከዚያው ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዳ አቅራቢም በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ጠያቂው «አንተ» ሲላቸው ትንሽ ደንገጥ አሉ፤ ከተማዋ አንቱታ እንደማታበዛ እስኪነገራቸው ድረስ። እኔም ከዚህ በኋላ በከተማዋ ልማድ እቀጥላለሁ።

የጠዋቱ ገለጻዎች ትኩረት መድረስ ላይ ነበር፤ ብዙ ተከታይ ማፍራት፣ ለመሥሪያ ቤቱ ጥሩ ስም የሚያተርፉ ቪዲዮዎችን መሥራት፣ ሊንክድኢን በተባለው የባለሙያዎች ማኅበራዊ መድረክ ላይ መታየት። እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ የጀመረው፣ በ2016 ማይክሮሶፍት በ26.2 ቢሊዮን ዶላር የገዛውና በ2023 አባላቱ 1 ቢሊዮን መድረሳቸውን ያስታወቀው ሊንክድኢን ሳይነሳ በዓለም ላይ ስለ ቅጥር ማውራት አይቻልም። ለሶፍትዌር ባለሙያ፣ ለኦዲተር ወይም በውጭ ድርጅት ውስጥ ፕሮጀክት ለሚመራ ሰው ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት የድሬዳዋ ቀጣሪዎች ግን በአብዛኛው የሚፈልጉት ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ መጋዘን የሚጠብቅ፣ ገንዘብ የሚቀበል፣ እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው ነው፤ ይህ ሰው ደግሞ የሚገኘው ቴሌግራም ላይ ነው።

ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ለቅጥር የታሰበ አልነበረም። በእኛ አገር የሥራ ገበያ እንዲሆን ያደረጉት ምክንያቶች ተራ ናቸው፤ በደካማ ኔትወርክም ይሠራል፣ የትምህርት ማስረጃን በፎቶም ሆነ በፒዲኤፍ ለመላክ ይመቻል፣ ቻናሉ የተከታይ ቁጥር ገደብ የለውም፣ ስለ ራስ የተሽሞነሞነ ገጽ ማዘጋጀትንም አይጠይቅም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ሁለት ነገሮች በሳምንታት ልዩነት ሆኑ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚሁ ተመረቀ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም የሙከራ ኔትወርኩን ከሌሎች ከተሞች አስቀድሞ እዚሁ ከፈተ። አንዱ የመጋዘን፣ የጉምሩክና የጭነት ሥራዎችን ተስፋ፣ ሌላው ተጨማሪ የዳታ አማራጭን ይዞ መጣ። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረችው ከተማ ድሮም የተሠራችው ሥራ ፍለጋ ከየአቅጣጫው በመጣ ሰው ነውና፣ አዲስ መስመር ሲዘረጋ አብሮ ሰው መምጣቱ ለእርሷ እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ መስመር የቀጣሪዎቹ የራሳቸው አይደለም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተገድበው በቆዩበት ጊዜ፣ ቪፒኤን የማይጠቀም ሥራ ፈላጊ ከማስታወቂያውም ከማመልከቻውም ውጭ ነበር። ጉባኤው ይህን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነክቶት አለፈ፤ ከዚያ በላይ ሊቆይበት ይገባ ነበር።

ውይይቱ የጋለው ከምሳ በኋላ ነው። አንዲት የሰው ሀብት ኃላፊ ለአንድ የመጋዘን ሠራተኛ ቦታ በቴሌግራም ያወጣችውን ማስታወቂያ መጨረሻ ተናገረች። ማመልከቻው የሚገባው በግል ስልኳ ስለነበር ገና በሁለተኛው ቀን የስልኩ ማስቀመጫ ሞላ። ከአመልካቾቹ መካከል የነርስነት፣ የእንስሳት ሕክምናና የሥነ ዜጋ ምሩቃን ነበሩበት፤ የማመልከቻ ደብዳቤዎቹ ደግሞ ሁሉም በአንድ እጅ የተጻፉ እስኪመስሉ ድረስ አንድ ዓይነት ነበሩ። ያ እጅ ቻትጂፒቲ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለጋትም። በመጨረሻ የፈረቃ ኃላፊው «የማውቀው ልጅ አለ» ያላትን ሰው ቀጠረች። ልጁ መልካም ሠራተኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ እርሷን የሚከነክናት ሳትከፍታቸው የቀሩት ፋይሎች ናቸው። አዳራሹ ሳቀ፤ አሳሳቁ ግን የሰው ሳይሆን የራሱን ገመና የሰማ ሰው አሳሳቅ ነበር።

የጉዳዩ ቋጠሮ በእኔ ግምት እዚህ ላይ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ የማሳወቅን ወጪ ከሞላ ጎደል አጠፋው፤ የማመልከትንም ወጪ አብሮ አወረደው፤ የማጣራትን ወጪ ግን አልነካውም፣ እንዲያውም አበዛው። አመልካቹ ባጃጅ ተሳፍሮ፣ ማስረጃውን ኮፒ አስደርጎ፣ ፖስታ ገዝቶ ይሄድ በነበረበት ጊዜ ያ ድካም ራሱ ወንፊት ነበር። ወንፊቱ ሲነሳ ሁሉም በአንድ ሰው ስልክ ላይ ተዘረገፈ፤ የተዘረገፈበት ሰው ደግሞ ጭንቅ የያዘው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፣ የሚያምነውን ሰው ጠየቀ። ትውውቅን ከቅጥር ያስወጣል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት መሣሪያ ትውውቅን በጓሮ በር መልሶ አስገባው።

ይህን ስል የድሮው ወንፊት ይመለስ ማለቴ አይደለም፤ ያ ወንፊት ሲያጣራ የነበረው ችሎታን ሳይሆን ኪስን ነው። በአዲስ አበባ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2021 በታወቀ የኢኮኖሚክስ መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት አንድ ቀጣሪ ለሚያመለክት ሰው ሁሉ ጥቂት ገንዘብ እንደሚሰጥ ሲያስታውቅ የተሻለ ችሎታ ያላቸው አመልካቾች እንደሚመጡ አሳይቷል። አጥኚዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ማመልከት ራሱ ውድ እንደሆነና ውድነቱም ይበልጥ የሚሰማቸው ችሎታ ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን ነው። በሌላ አነጋገር፣ ቀጣሪው «ጥሩ ሰው ጠፋ» እያለ ሲያማርር ጥሩው ሰው በር ላይ ሳይደርስ ቀርቷል።

በዚያው ዓመት የታተመና በዚያችው ከተማ ከ3,000 በላይ ወጣቶችን የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ ለድሬዳዋው ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። አጥኚዎቹ ለአንዱ ቡድን ወደ መሃል ከተማ እየሄደ ሥራ የሚፈልግበት የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ፤ ለሌላው ቡድን ሲቪ አዘገጃጀትና የቃለ መጠይቅ አቀራረብ አስተምረው፣ ችሎታውን በፈተና መዝነው የምስክር ወረቀት ሰጡት። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም እርዳታዎች የተሻለ ሥራ የማግኘትን ዕድል ከፍ አድርገው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን የትራንስፖርቱ ውጤት ተኗል፤ ችሎታቸውን እንዲያሳዩ የታገዙት ወጣቶች ገቢ ግን ጉልህ በሆነ መጠን በልጦ ተገኝቷል። ቴሌግራም ለሥራ ፈላጊው የሚያደርግለት የመጀመሪያውን ነው፤ ርቀትን ያሳጥራል፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ይተካል። ሁለተኛውን፣ ማለትም «ይህ ሰው ምን ይችላል?» ለሚለው ጥያቄ የሚታመን መልስ ማቅረብን፣ አያደርግም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል ብለው የሚያስቡ ቀጣሪዎች በጉባኤው ላይ ነበሩ፤ ነገር ግን ፈተናው ስለ ትምህርት እንጂ ቆጠራ ማጉደልና አለማጉደልን አይናገርም። የመጋዘን ሠራተኛ ፈላጊዋ ኃላፊ የምትፈልገው ይህን የመሰለ ነገር ነበር፤ ከመቶዎቹ ፋይሎች ይልቅ የፈረቃ ኃላፊው አንድ ቃል የበለጠባትም ለዚህ ነው።

ስለ ትውውቅ ሲነሳ ነገሩን በጥቁርና በነጭ ከፍሎ ማየት ያሳስታል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ሥራ የሚያገኙት በቅርብ ወዳጆቻቸው ሳይሆን በአብዛኛው አልፎ አልፎ በሚያገኟቸው ሰዎች በኩል መሆኑን አሳይቶ ነበር፤ የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀው አንተ የምታውቀውን ነውና። ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን መሠረት አድርጎ በ2022 የታተመ ምርምርም ሐሳቡን በአብዛኛው አጽንቶ አንድ ማረሚያ ጨመረበት፤ ይበልጥ የሚጠቅመው መጠነኛ ልልነት ያለው ትውውቅ እንጂ ስም ብቻ የቀረው ትውውቅ አይደለም። ይህ በአዳራሹ ሲጠቀስ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ሾፌር ጣልቃ ገብቶ ይህ በርጫ ነው አለ፤ ሰዉ እንደ ቀልድ ወሰደው፣ እኔ ግን ከቀኑ ገለጻዎች ሁሉ የተሻለው ማብራሪያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በድሬ በአንድ በርጫ ላይ ነጋዴው፣ መምህሩ፣ የጉምሩክ አስተላላፊውና የከባድ መኪና ረዳቱ አብረው ይቀመጣሉ፤ ቋንቋቸውም፣ ሰፈራቸውም፣ ደመወዛቸውም ይለያያል፤ ሐሙስ የተሰማ ክፍት ቦታ ዓርብ ሰው ያገኛል። የጉዳቱን ወገን መዘርዘር ለሌላ ጊዜ ይቆየን፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚያሳስበው ማን እዚያ እንደማይቀመጥ ነው። ወንዶቹ በሚቀመጡበት በርጫ ሴቶች አይገኙም፤ የማይቅመው አይገኝም፤ ትናንት ከገጠር የመጣው አይገኝም። በሐረርና በድሬዳዋ ለደስታና ለሐዘን የሚሰባሰቡት አፎሻዎችም ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ የሚታቀፉባቸው ናቸውና፣ በወንዶቹ መካከል የሚዞር የሥራ ወሬ ወደ ሴቶቹ የሚሻገረው በባል ወይም በወንድም በኩል ነው። ክፍት ማስታወቂያ ዋጋ የሚኖረው ለእነዚህ ሰዎች ነው፤ ቀጣሪው ማስታወቂያውን አውጥቶ ወደ ሚያውቀው ሰው ሲመለስ የሚከስሩትም እነርሱ ናቸው።

ማስታወቂያዎቹ ራሳቸው እንዴት እንደሚጻፉ ልብ ማለት ተገቢ ነው፤ የማጣራቱ ችግር ግማሹ የሚፈጠረው እዚያው ጽሑፉ ላይ ነውና። «ደመወዝ፡ በስምምነት» ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» የሚለው ሐረግ በየማስታወቂያው ግርጌ እንደ ማኅተም ተቀምጧል። አንድ የድርጅት ተወካይ ደመወዝ የማይጻፈው ተፎካካሪ እንዳያውቀው ነው ሲል ተከራከረ። ነገር ግን በየበርጫው የማይታወቅ ደመወዝ በድሬዳዋ የለም፤ የማያውቀው አመልካቹ ብቻ ነው። ደመወዙ ባለመጻፉ ለቦታው የማይስማማው ሰው ሁሉ ያመለክታል፣ ከሁለት ዙር ፈተና በኋላ ቁጥሩን ሲሰማ ትቶ ይሄዳል፣ ቀጣሪዋም ያ ሁሉ ድካሟ ከንቱ ይቀራል። የሥራው ዝርዝርም እንዲሁ ነው፤ «የኃላፊው ተጨማሪ ትእዛዝ» የሚል መስመር እንጂ ሰውየው ጠዋት ገብቶ ምን እንደሚሠራ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ማግኘት ብርቅ ነው። «ጾታ፡ ሴት»፣ «ቁመናዋ ያማረ» የሚሉትን መመዘኛዎች የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጾታና በመሳሰሉት ልዩነት ማድረግን ከሚከለክለው መንፈስ ጋር ማስታረቅ አይቻልም፤ በወረቀት ዘመን በአንድ በር ላይ ይቀር የነበረው ጥፋት አሁን በሺዎች ስልክ ላይ በቋሚነት ይቀመጣል።

ከሁሉም በላይ የሚያነጋግረኝ ግን «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» የሚለው ነው። ገንዘብ ወይም ንብረት ለሚይዝ ሥራ ደመወዝተኛ ዋስ መጠየቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ቀጣሪውም ከኪሳራ ራሱን መጠበቁ የሚያስነቅፈው አይደለም። ሆኖም ማስታወቂያው ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆኖ ሲያበቃ መጨረሻ ላይ በሥራ ላይ ያለ ሰው የሚፈርምለት ዘመድ ያለውን ብቻ ያስገባል። ከኤረር ወይም ከሽንሌ አካባቢ መጥቶ በከተማዋ አንድም ደመወዝተኛ የማያውቅ ወጣት በቴሌግራም ሥራውን ማየት ይችላል፤ ሊያልፍ የማይችለው ያንን አንድ መስመር ነው።

ወደ ማጭበርበሩ ስንመጣ ነገሩ ግልጽ ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም። ለፎርም፣ ለዩኒፎርም ወይም ለሥልጠና ተብሎ በሞባይል ገንዘብ የሚጠየቅ ክፍያ የድሮው ደላላ አዲስ ልብስ ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 የግል የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው ላይ ክፍያ እንዳይቀበሉ በመርህ ደረጃ ይደነግጋል። ወደ ጅቡቲና ከዚያ አልፎ ወደ ዓረብ አገሮች በሚወስደው መስመር ላይ በተቀመጠች ከተማ ይህ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ በቲክቶክ የሚታየው የሳዑዲ ኑሮ ቪዲዮም ከሥሩ ስልክ ቁጥር ሲኖረው የሥራ ማስታወቂያ ነውና። ብዙም ያልተወራለት የመረጃው ጉዳይ ነው። አመልካቾች የመታወቂያቸውንና የዲግሪያቸውን ፎቶ ለማያውቁት ሰው የግል ቴሌግራም ይልካሉ፤ ያ ሰው መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ ፋይሎቹ ከስልኩ ጋር አብረው ይሄዳሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውልና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ይጠይቃል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዳራሹ ውስጥ የአዋጁን ስም ሰምቶ የሚያውቅ እጁን እንዲያወጣ ሲጠየቅ የወጡት እጆች ጥቂት ነበሩ፤ የእኔም አልነበረበትም፣ ቁጥሩን ያወቅኩት ቤት ገብቼ ፈልጌ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። በሻይ ዕረፍት ላይ ሲቪውን እንዳይለት የሰጠኝ አንድ ምሩቅ በቋንቋ ችሎታ ሥር «አማርኛና እንግሊዝኛ» ብሎ ጽፎ ነበር። ከጓደኛው ጋር ሶማሊኛ ሲያወራ ስለሰማሁት ጠየቅኩት፤ ኦሮምኛም እንደ አማርኛው ይናገራል። ለምን እንዳልጻፈው ስጠይቀው እርሱ ቋንቋ ሳይሆን የሰፈር ወሬ እንደሆነ ነገር ትከሻውን ነቀነቀ። ጭነቱ ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ፣ በሶማሌና በኦሮሚያ ክልሎች አልፎ በሚመጣበት ከተማ ውስጥ ለዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ሦስቱንም የአካባቢውን ቋንቋዎች የሚናገር ልጅ ከሌላው ቀድሞ የሚፈለግ ሰው ነው፤ ቀጣሪው በማስታወቂያው ላይ ስላልጠየቀው ልጁ አልጻፈውም፣ ልጁ ስላልጻፈው ቀጣሪው አያገኘውም። ከአዲስ አበባ የተቀዳ የማስታወቂያ ቅጽና ከኢንተርኔት የወረደ የሲቪ ቅጽ ተገናኝተው ድሬዳዋን ከመሃል አውጥተዋታል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ለቀጣሪው ወጪ የሌለው ነገር አይደለም። ደመወዙን መጻፍ፣ የሥራውን ዕለታዊ ይዘት በሦስት መስመር መግለጽ፣ ማመልከቻን በግል ስልክ ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ ቦት (በቴሌግራም ላይ መልእክትን በራሱ በሚቀበል ፕሮግራም) ወይም ቅጽ መቀበል፣ ከፋይል ይልቅ የግማሽ ሰዓት የተግባር ፈተና ማስቀደም፣ ያልተመረጡትን ቢያንስ በአንድ የጋራ መልእክት ማሳወቅ ሁሉም ጊዜ ይወስዳሉ። የመጋዘን ሠራተኛ ፈላጊዋ ኃላፊ ስለ መጨረሻው ስትጠየቅ፣ «አልተመረጡም» ብላ የጻፈች ዕለት «ለምን?» የሚሉ መልእክቶች እንደሚያጥለቀልቋት ተናገረች፤ ፍርሃቷ መሠረት የለውም ለማለት አልደፍርም። ግን ዝም ማለቱም ሥራ ፈላጊውን ሃምሳ ቦታ ሳያነብ እንዲልክ አስተምሮታል፤ ስልኳን የሞላውም ያ ልማድ ነው።

ጉባኤው ሲያበቃ አዘጋጆቹ ለተሳታፊዎች የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ፤ በዚያው ምሽትም የመጀመሪያው የሥራ ማስታወቂያ ገባ። የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሁለት ዓመት ልምድ፣ የሥራ ቦታ ድሬዳዋ፣ ደመወዝ በስምምነት። ከሥሩ አንድ ወጣት «ስንት ነው?» ብሎ ጽፏል። እስካሁን የመለሰለት የለም።